ሃርድ ዲስክ ስትጠግኑ ከማግኔት ይልቅ ሙቀትን ፍሩ

ባቲና ከሚሴ ኮምፒዩተር የምትጠግኑ የሙያ ጓደኞቼ፣ ጠረጴዛችሁ ላይ የሚቀመጠው ሃርድ ዲስክ የሰው የሠርግ ፎቶ፣ የሱቅ ሒሳብ፣ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ይዟል። ማዘርቦርድ ቢቃጠል ሌላ ይገዛል፤ የጠፋ ፋይል ግን ተገዝቶ አይመለስም። ብዙዎቻችን የምንፈራው ጫፉ ማግኔት የሆነውን ካቻቪቴ ነው። ክዳኑ ላልተከፈተ ዲስክ እሱ ያን ያህል አያሰጋም፤ ዲስኩ ውስጥም ክንዱን የሚያንቀሳቅሱ ጠንካራ ማግኔቶች አሉ። የሚያሰጋው ሙቀትና ስታቲክ ነው።

ለምን?

በክንዱ ጫፍ ያለው ሪድ ሄድ ሁለት ስስ የማግኔት ንብርብሮች አሉት። በመካከላቸው ውፍረቱ 1 ናኖ ሜትር ገደማ የሆነ የማግኒዥየም ኦክሳይድ ሽፋን አለ። የአንዱ ንብርብር የማግኔት አቅጣጫ ዲስኩ ላይ የተጻፈውን እየተከተለ ይዞራል፤ የሌላው መነቃነቅ የለበትም። የሁለቱ አቅጣጫ ሲገጥም ኤሌክትሪክ ሽፋኑን በቀላሉ ያልፋል፤ ሲቃረን ይከብደዋል። መረጃው የሚነበበው በዚህ ልዩነት ነው።

የማይነቃነቀውን የሚይዘው አጠገቡ ያለው እንደ ኢሪዲየም ማንጋኒዝ ያለ ቅይጥ ነው። በቅይጡ ውስጥ ጎረቤት አተሞች ተቃርነው ስለሚቆሙ የውጭ ማግኔት የሚጎትተው አያገኝም። ስለዚህ አጠገቡ ያለውን ንብርብር ካስማ ላይ እንደታሰረ ግመል አጽንቶ ያቆመዋል። ይህን ባሕርይ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ተመራማሪዎች ማይክልጆንና ቢን እ.ኤ.አ. በ1956 ይፋ አደረጉ።

ካስማው የሚላላው ሲግል ነው። የኢሪዲየም ማንጋኒዝ ወሰን 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ቺፕ የምንነቅልበት ሆት ኤር ግን 350 እና ከዚያ በላይ ይተፋል።

ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ሆት ኤሩን ከዲስኩ አርቁ። ቦርድ ስትቀይሩ የዚያን ዲስክ ልዩ መረጃ የያዘውን የሮም ቺፕ ወደ አዲሱ ማዛወር ሊያስፈልግ ይችላል። ቦርዱን ፈትታችሁ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ውሰዱትና እዚያ አሙቁት። የዲስኩ አካል ሙቀትን ቢበትንም ውስጥ ያሉትን ስስ ነገሮች ለአደጋ ማጋለጥ አይገባም።

ሁለተኛ፣ ስታቲክን ተጠንቀቁ። ያ ስስ ሽፋን በጥቂት ቮልት ሊበሳ ይችላል። ቦርዱ ሲነሳ ከሥሩ የሚታዩት ወርቃማ ነጥቦች ወደ ሄዱ የሚያመሩ ናቸው፤ በጣታችሁ አትንኳቸው። የእጅ አንጓ ኧርዝ ገመድ እሰሩ፤ ዲስኩን ላስቲክ ወይም ሱፍ ላይ አታስቀምጡ።

ሦስተኛ፣ እያቀዘቀዛችሁ ቅዱ። የሚዞረው ንብርብር ማግኔትነት በሰከንድ ቢሊዮኖች ጊዜ ሊወዛወዝ ይችላል፤ ሙቀት ሲጨምር መንቀጥቀጡ ይብሳል፤ የደከመ ዲስክ ምልክትም በዚያ ጫጫታ ይዋጣል። አብዛኞቹ አምራቾች የሚፈቅዱት እስከ 60 ዲግሪ አካባቢ ነው። በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሙቀቱን ልክ እዩ፤ ፋን አዙሩበት። በባቲ ቀትር ሥራውን ከመጀመር ማለዳ መጀመር ይሻላል።

አራተኛ፣ ክዳኑን አትክፈቱ። ሄዱ ከዲስኩ በላይ በጥቂት ናኖ ሜትር ከፍታ ነው የሚንሳፈፈው፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ዲስኩን ትፍቀዋለች። የሚንቋቋ ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው አጥፉትና ንጹሕ ክፍል ላለው ባለሙያ ላኩት።

አምስተኛ፣ ከጥገና በፊት ቅጂ ይቅደም። ቼክ ዲስክ አታስኪዱ፣ ፎርማት አታድርጉ። መጀመሪያ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ፤ ፋይል የምትፈልጉት ከቅጂው ላይ ይሁን። መብራት መሀል ላይ ቢሄድ ሥራው እንዳይቋረጥ ዩፒኤስ ይኑራችሁ።

ሰኞ ለገበያ የመጣ ደንበኛ «ዛሬውኑ ይድረስልኝ» ሊላችሁ ይችላል። አትቸኩሉ፤ የታመመ ዲስክ ለመገልበጥ ቀናት ሊፈጅ እንደሚችል አስረዱትና ለቀጣዩ ሰኞ ቅጠሩት። ስታስረክቡትም ፋይሎቹን እናንተው ፊት ከፍቶ ያረጋግጥ። ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ እንዲያስቀምጥም ምከሩት፤ ይህን ምክር በነፃ ስጡ።