ሥራ ከመጽደቁ በፊት በሌላ ዓይን ይታይ
የኮድ መፈተሻ መሣሪያን ሥራ ላይ ስለማዋል የቀረበ ትምህርት

ለመምህርነት የምንዘጋጅ ሁሉ ሮስተር ምን እንደሆነ እናውቃለን። የክፍሉ ኃላፊ መምህር ውጤት ደምሮ፣ አማካይ አውጥቶ፣ ደረጃ ሰጥቶ ሲጨርስ ርዕሰ መምህሩ ከመፈረሙ በፊት ሌላ መምህር ድምሩን ቢያይለት መልካም ነው። አንድ ሰው ደጋግሞ ያየውን ወረቀት ዓይኑ ስለሚለምደው የራሱ ስሕተት ይሰወርበታል። ካርድ ከታደለ በኋላ የተገኘ ስሕተት ግን ልጁንም ወላጁንም ያሳዝናል። በዛሬው ትምህርታችን ይኸው አሠራር በኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራ ውስጥ ምን መልክ እንዳለው እንመለከታለን።

1ኛ/ ፍተሻ ማለት ምን ማለት ነው?

ለኮምፒዩተር ትእዛዝ የምንሰጥበት ጽሑፍ ኮድ ይባላል። ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና እንዲጠቀምበት የተፈቀደ ሲሆን ደግሞ ኦፕን ሶርስ እንለዋለን። በእንዲህ ያለው ሥራ የሚሳተፉት ሰዎች በየአገሩ የተበተኑና ብዙ ጊዜም በመልክ የማይተዋወቁ ናቸው። ታዲያ አንዱ የጻፈው ሌላው ሳያየው ከዋናው ኮድ ጋር ቢቀላቀል ጥፋቱን ማን ያገኘዋል? ለውጡን ከጸሐፊው ሌላ የሆነ ሰው አንብቦ፣ ጠይቆና አሳርሞ እንዲያጸድቀው ማድረግ የኮድ ፍተሻ ይባላል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ የነበረው ማይክል ፌገን የሥራ ጓዶች ተሰብስበው ኮድን በሥርዓት የሚመረምሩበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1976 በጽሑፍ አቅርቧል። ለአገራችንም ቢሆን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቤት የጎደለውን፣ ምሥጢር የሳተውን እየነቀሰ ያርመዋል።

2ኛ/ ከአንድ ፕሮጀክት የምናገኘው ትምህርት

አማርኛው ዊኪፔዲያ የሚሠራው ሜዲያዊኪ በተባለ ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም ነው። ቀድሞ ፈቃድ የተሰጠው አዘጋጅ ለውጡን በቀጥታ ከዋናው ኮድ ጋር ያቀላቅል ነበር፤ ፍተሻው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህም ምክንያት ያልታየ ሥራ እየተከመረ አዲስ እትም ማውጣት ይዘገይ ነበር። በመጋቢት 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2012) ፕሮጀክቱ ኮዱን ጊት ወደተባለው ማስቀመጫ አዛውሮ ጌሪት የተባለውን መፈተሻ መሣሪያ ሥራ ላይ አዋለ።

ያን ጊዜ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። ለውጡ በሐሳብ ደረጃ ቆሞ ፈታሽ ይጠብቃል። ፈታሹ ሲደመር 1 ከሰጠ «ለእኔ ጥሩ ነው፤ ሌላ ሰው ግን ያጽድቀው» ማለቱ ነው። ሲደመር 2 ማጽደቂያ ነው። ሲቀነስ 1 «እንዳለ ባይገባ ይሻላል» ማለት ሲሆን፣ ሲቀነስ 2 ደግሞ ለውጡን ያግደዋል። ከሰው ጎን ለጎን ማሽኑም ፈተናውን እያስኬደ ውጤቱን ይመዘግባል።

ነገሩ ግን ያለ ችግር አልሄደም። መሣሪያው ለጀማሪዎች ከበድ ይል ነበር፤ ፈታሽ ያጣ ሥራም ወረፋ ላይ ይቀር ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ፍተሻ በጥቂት ሰዎች ጫንቃ ላይ ሲወድቅ ሸክም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከምክክር በኋላ ጊትላብ ወደተባለ ሌላ መሣሪያ ለመሻገር ተወስኖ ከፊሉ ሥራ ተሻግሯል። ከዚህ የምንረዳው መሣሪያ ሊለወጥ እንደሚችል፣ «ያልታየ አይግባ» የሚለው ደንብ ግን ጸንቶ እንደሚኖር ነው።

3ኛ/ ምሳሌ

አንድ አዘጋጅ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ወደ አውሮፓውያን የሚመልስ ኮድ ጻፈ እንበል። «መስከረም 1 ምን ጊዜም ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ ደነገገ። በ2014፣ በ2015 እና በ2017 ዓ.ም. መስከረም ቢሞከር ልክ ይመጣል። ፈታሹ ግን «ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን አይደለችም እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። እውነትም 2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ስለነበረች 2016 ዓ.ም. የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ስሕተቱ ሳይታይ ቢያልፍ ኖሮ በዚያ ዓመት የሕፃናት የክትባት ቀጠሮም ሆነ የተማሪ የልደት ቀን በአንድ ቀን ይዛነፍ ነበር። ቀኑ የተዛነፈበት ሰው ደግሞ ኮዱን አይቶት አያውቅም።

4ኛ/ ለእኛ ምን ይበጃል?

እዚህ ሳሪስ ላይ ያለን ሰልጣኞች ውጤት የሚደምር ወይም መልመጃ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም በጋራ ብንጽፍና በአካባቢው ላሉ ትምህርት ቤቶች ብንሰጥ፣ ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ደንቦች እናስቀድም፦

ሀ/ ለውጡ ትንሽ ይሁን። አምስት ገጽ በአንዴ የቀረበለት ፈታሽ «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ አሥር መስመር የቀረበለት ግን ያነበዋል።

ለ/ ምክንያቱ ይጻፍ። ምን ተለወጠ ብቻ ሳይሆን ለምን ተለወጠ የሚለው ይቅደም።

ሐ/ ማንም የራሱን ሥራ ራሱ አያጽድቅ፤ አስተማሪም ይሁን ሰልጣኝ።

መ/ ሂሱ በሥራው ላይ ይሁን። «አታውቅም» ከማለት «ዜሮ ቢገባ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ያስተምራል።

ሠ/ መልስ አይዘግይ። ሳምንት ሙሉ ያልታየለት ጀማሪ ሁለተኛ አይመለስም።

እነዚህን ደንቦች ያልተቀበለ ቡድን የቱንም መሣሪያ ቢያመጣ አንዱ ሳያነብ ለሌላው ሲደመር 2 የሚያድልበት መድረክ ይሆንበታል። ደንቡን የተቀበለ ቡድን ግን በመሣሪያው አማካይነት ማን ምን እንደጠየቀ፣ ምን እንደታረመ መዝገብ ያገኛል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ሰልጣኝም ያንኑ መዝገብ አንብቦ ይማርበታል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ለማስተማር ልምምድ ያዘጋጀነውን የትምህርት ዕቅድ ክፍል ከመግባታችን በፊት ማን ያየዋል? ካየውስ በኋላ ምን አስለወጠን?
2. ሰልጣኝ የአስተማሪውን ሥራ ፈትሾ ሲቀነስ 1 ቢሰጥ አስተማሪው እንዴት ሊቀበለው ይገባል?
3. ከላይ በምሳሌነት የቀረበውን ኮድ የትኞቹን ሌሎች ዓመቶች በማስገባት መፈተን ይቻላል?