ሁለተኛው ጥያቄ

አዲስ አበባ ካሉት የእግር ጉዞ ክበቦች ወደ አንዱ ገና የገባህ ሰው ነህ እንበል። ከንጋቱ 12 ሰዓት አውቶቡስ ተሳፍረሃል፤ የዛሬው ጉዞ ወደ ዝቋላ ነው። ዙሪያህን ስታይ አርባ ያህል ሰው አለ። ግማሹ ይተዋወቃል፣ ይቀላለዳል፣ ቆሎ ይቀባበላል። አንተ ግን ከጎንህ የተቀመጠውን ሰው ስም አሁን ሰምተህ አሁን ረስተኸዋል። ዝቋላን ለመውጣት ብቻ ቢሆን ኖሮ ብቻህንም መሄድ ትችል ነበር። ክበብ የገባኸው ሰው ፈልገህ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ላስረዳህ የምፈልገው ስለ ጫማና ስለ ውኃ ኮዳ አይደለም። እነዚህን አርባ ሰዎች፣ ምን እንደሚወዱና እንዴት እንደሚኖሩ ጭምር፣ እንዴት እንደምታውቃቸው ነው።

ከሁለት ቃላት እንነሣ። የመጀመሪያው “ክበብ” ነው። ቃሉ የመጣው “ከበበ” ከሚለው ግስ ነው፤ አንድን ነገር መሐል አድርገው ዙሪያውን የቆሙ ሰዎችን ያመለክታል። መሐል ያለው ነገር ለእኛ ተራራው ነው፤ ለሌሎች ቼዝ ወይም መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ፊቱን ወደ መሐል ያዞራል፤ ፊቱን ወደ መሐል ያዞረ ሰው ደግሞ ከጎኑ ያለውን አያይም። ሁለት ዓመት አብረው ተራራ የወጡ ሰዎች አንዱ የሌላውን ልጅ ስም ሳያውቁ የሚቀሩት ክፉዎች ሆነው አይደለም። የክበብ ቅርጹ ራሱ እንደዚያ ስለሆነ ነው። ጎን ለማየት አንገትን ማዞር ያስፈልጋል፤ ማዞሩ ደግሞ ታስቦበት የሚደረግ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ቃል “ዝንባሌ” ነው። ማሰሮ ወደ አንድ ጎን ጋደል ሲል አዘነበለ እንላለን። የሰው ዝንባሌም እንደዚያው ማንም ሳይገፋው ልቡ የሚጋደልበት ጎን ነው። ሥራ ከዚህ ይለያል። ብዙዎቻችንን ወደ ሥራችን ያስገባን የፈተና ውጤት፣ የአጎት ምክር ወይም የኑሮ ግዴታ ነው። አንድ ሰው ደመወዝ ሳይከፈለው፣ እንዲያውም ከኪሱ እያወጣ፣ በሳምንት ሦስት ሰዓት የሚሰጠው ነገር ካለ ግን ያንን የመረጠው ራሱ ነው። “የት ነው የምትሠራው?” ከሚለው ጥያቄ ይልቅ “ጉዞ በሌለበት ቅዳሜ ምን ታደርጋለህ?” የሚለው ወደ ሰውየው የሚያቀርበው በዚህ ምክንያት ነው። የሥራው ጥያቄ ሌላም ችግር አለው፤ ሰውን በደረጃ ያስቀምጣል። ሥራ ፈላጊውን ያሸማቅቃል፣ ባለሥልጣኑን እንዲጠነቀቅ ያደርጋል። “የየት አገር ሰው ነህ?” የሚለውንም በመጀመሪያው ቀን አልመክርህም። አያቶቻችን ዝምድና ለመቁጠር ይጠይቁት ነበር፤ በዘመናችን ግን ብዙ ሰው ሲሰማው ትከሻው ይከብዳል። ሰውየው ራሱ እስኪያወራው ጠብቅ።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቅህ፣ መልስም አገኘህ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ መልሱን ሲያገኝ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ሥራው ግን ገና መጀመሩ ነው። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎች “ተከታይ ጥያቄ” የሚሉት አለ፤ ከተሰጠው መልስ ውስጥ አንድ ነገር መዝዞ ያንኑ የሚያጠልቅ ጥያቄ ማለት ነው። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ብዙ የሚጠይቁ ሰዎች፣ በተለይም ተከታይ ጥያቄ የሚጠይቁት፣ በአነጋገሯቸው ሰዎች ዘንድ የበለጠ ተወድደው ተገኝተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ማንም ሳይሰማ ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛውን ግን የመጀመሪያውን መልስ ሳይሰሙ መጠየቅ አይቻልም። ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ የመስማት ማስረጃ ነው።

ያየሁትን ልንገርህ። በክበባችን ጡረታ የወጡ አንድ የሒሳብ ባለሙያ አሉ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ዝምተኛ ናቸው። አንድ ቀን እንጦጦ ላይ አርፈን ዳቦ ሲቆርሱ የግራ እጃቸው ጥፍሮች ረዘም ማለታቸውን፣ የቀኙ ግን በአጭሩ መቆረጡን አየሁ። “ይቅርታ ጋሼ፣ የግራው ለምን ረዘመ?” አልኳቸው። “በገና እደረድራለሁ” አሉና ዳቦውን መቁረስ ቀጠሉ። አጠገባችን የነበሩት “ጎበዝ ነዎት!” አሏቸው። ልብ በል፤ “ጎበዝ” ጥሩ ቃል ነው፣ ግን ክዳን ነው። ከእሱ በኋላ “አመሰግናለሁ” ከማለት በቀር የሚባል ነገር የለም። እኔ ደግሞ የሚገርመኝ ነገር ነበርና “ድምፁ እንደ ንብ የሚያንዘረዝረው ከምኑ ነው?” አልኩ።

ዳቦውን አስቀመጡት። የአንድ ጫማቸውን ማሰሪያ ፈቱና አንዱን ጫፍ እኔ እንድይዝ ሰጡኝ፤ ሌላውን እሳቸው ወጠሩት። ክሩን በቢላዋቸው እጀታ ላይ አሳልፈው፣ ከክሩና ከእጀታው መካከል የዳቦ ልጣጭ ሸጎጡ። “ይኼ አውታሩ ነው፤ ይኼ አውታሩ የሚያርፍበት በርኩማ ነው። ይቺ ልጣጭ ደግሞ እንዚራ ናት፤ በደንቡ ቀጭን ቆዳ ናት” አሉ። አውታሩ ሲመታ በርኩማውን እየነካ እየለቀቀ ይርገበገባል፤ መንዘርዘሩ የሚመጣው ከዚያ ነው። እንዚራዋ ከቦታዋ ትንሽ ስትዛነፍ ድምፁ ይሞታል። በገና 10 አውታሮች አሉት፤ ሁሉም ግን አይመቱም፣ አንዳንዶቹ የጣት ማረፊያ ናቸው። “እንዚራ ሳስማማ አንዳንድ ቀን ከመደርደሩ የበለጠ ጊዜ ይፈጅብኛል” አሉኝ። ከዚያ እኔ ምንም ሳልጠይቅ ስለ አባታቸው አወሩ። አባታቸው በገናውን ከግድግዳ የሚያወርዱት ዐቢይ ጾም ሲገባ ነበር። ጋሼ ግን አባታቸው በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን “አስተምሩኝ” አላሏቸውም። በገናውን ያወረዱት ከቀብሩ በኋላ ነው፤ የተማሩት ሽበት ካወጡ በኋላ ከሌላ መምህር ነው። ስለ እንዚራ ጠይቄ የአንድ ሰው ሐዘን ተነገረኝ። ዝንባሌ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ከሥሩ አንድ ሰው ወይም አንድ ዘመን ይገኛል።

እሳቸው ሲያወሩልኝ እኔም ዝም አላልኩም። እናቴ የስፌት ሞያዋን ልታስተምረኝ ስትል እምቢ ማለቴን ነገርኳቸው። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥያቄ ብቻ የሚያዘንብ ሰው መርማሪ ይመስላል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች “ራስን መግለጥ” የሚሉት ነገር፣ ማለትም ስለ ራስ ያልታወቀ ነገር መንገር፣ በተራ የሚሄድ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኧርዊን አልትማንና ዳልማስ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1973 ሰውን እንደ ሽንኩርት ባለ ብዙ ንብርብር አድርገው ገልጸውታል፤ መቀራረብ ከላይኛው ልጣጭ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ መግባት ነው። አንተ ከላይኛው ልጣጭ ሳትወርድ ሌላውን እስከ ውስጥ ልላጥህ ካልከው ይሸሻል። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ሕይወትህን ብትዘረግፍበትም እንዲሁ ይሸሻል። እሱ በሰጠህ መጠን ስጥ፤ አንዳንዴም አንዲት እርምጃ ቅደመው።

ጊዜና ቦታ መምረጥም አለ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። የአዲስ አበባ ሰው ከፍታ ቢለምድም ሽቅብ ሲወጣ ትንፋሹን ለእግሩ ይፈልገዋል። ስለዚህ ሽቅብ ላይ ረጅም መልስ የሚሻ ጥያቄ አትጠይቅ፤ “ደህና” ብሎህ ያልፋል፣ አንተም ሰውየው ዝግ ሰው ይመስልሃል። ሜዳና ቁልቁለት የወሬ ቦታ ናቸው። መራመድ ሌላም ጥቅም አለው። ፊት ለፊት ተቀምጠን ስናወራ ዓይን ያፋጥጣል፤ ታናሽ በታላቁ ፊት ዓይኑን እንዲሰብር ባደግንበት አገር ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ጎን ለጎን ስንሄድ ሁለታችንም መንገዱን ነው የምናየው። ዝምታም አያሳፍርም፤ መንገዱ ጠብቦ ሲያለያየን ወሬው ይቋረጣል፣ ሲሰፋ ይቀጥላል። አንድ የሃያ ዓመት ልጅና አንድ የሰባ ዓመት አዛውንት እኩል ሲያወሩ ያየሁት በመንገድ ላይ ነው።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ትውውቅ ብቻ ያላቸው ሁለት ሰዎች ለቀቅ ያለ ጓደኝነት ለመጀመር 50 ሰዓት ገደማ አብረው ማሳለፍ እንደሚያስፈልጋቸው ገምቷል። ለጓደኝነት 90 ሰዓት ገደማ፣ ለቅርብ ወዳጅነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። ክበባችን በወር ሁለት ጊዜ ይጓዛል። በአንድ ጉዞ ከአንድ ሰው ጋር አንድ ሰዓት ብታወራ በዓመት 24 ሰዓት ይሆናል። 50 ሰዓት ለመድረስ ሁለት ዓመት አለፈ ማለት ነው፤ ያውም ከአንድ ሰው ጋር ብቻ! ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ በሦስተኛው ወር ማንም አልቀረበኝም ብለህ አትዘን፤ ገና ስለሆነ ነው። ሁለተኛ፣ ተራራው ብቻውን አይበቃም፤ ከተራራው ውጭ መገናኘት ያስፈልጋል።

ለዚህ ከሩቅ ምሳሌ መፈለግ የለብንም። በጽዋ ማኅበር አባላቱ በየወሩ በመታሰቢያው ቀን በየተራ ቤታቸው ይደግሳሉ፤ ሲያበቃ ጽዋው ወደ ቀጣዩ ተረኛ ይሄዳል። ዓመት ሲሞላ ሁሉም የሁሉን ቤት አይቷል፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ፣ ጓሮው ውስጥ ያለውን ጌሾ፣ ከክፍል የማይወጡትን አያት ሳይቀር። የሌላው ዓለም ሰዎችም ወደዚሁ መጥተዋል። ጠበቃው ፖል ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1905 ቺካጎ ውስጥ ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር ማኅበር ሲያቋቁም በየተራ በአባላቱ የሥራ ቦታ ይሰበሰቡ ነበር። ሮታሪ የሚለው ስም የወጣው ከዚሁ መዘዋወር ነው። የሰው ነገር በቦታው ሲታይ ከተነገረው በላይ ይናገራል። እኛም ጋሼ ቤት ቡና ጠጥተናል፤ በገናውን አውርደው እንዚራዎቹን አንድ በአንድ ሲያስማሙ ከአቦል እስከ በረካ አንድ ሰው አልተነሣም።

አንድ ጥፋቴን ሳልነግርህ ግን አላልፍም። አንዲት አባል ከወንጪ ቁልቁል ስንወርድ እናቷን እያስታመመች መሆኑን፣ የምትጓዘውም በወር አንድ ቀን ትንፋሽ ለማግኘት መሆኑን ነገረችኝ። በሚቀጥለው ጉዞ ምሳ ላይ፣ አሳቢ መስዬ፣ ሁሉ እየሰማ “እናትሽ እንዴት ናቸው?” አልኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። ያን ቀን ሌላ ቃል አልተናገረችም፤ ከዚያ በኋላም ሁለት ጉዞ ቀረች። ለእኔ የነገረችኝን ለአርባ ሰው አሰማሁባት። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ዛሬ እንነጋገራለን፤ የእናቷን ነገር ግን ዳግም አላነሣችልኝም። የተነገረህን ማስታወስ መልካም ነው። ስትጠይቅ ግን በተነገረህበት ሁኔታ ጠይቅ፤ ለብቻህ ከተነገረህ ለብቻህ።

ወደ አውቶቡሱ እንመለስ። የጎንህን ሰው ስም ረስተኸዋል አልን። ዛሬውኑ “ይቅርታ፣ ስምህን ድገምልኝ” በለው፤ በመጀመሪያው ቀን የሚቀየም የለም፣ ከስድስት ወር በኋላ ግን ያሳፍራል። ቆሎ ካለህ አካፍለው። ሽቅቡን ዝም ብላችሁ ውጡ። ቁልቁል ስትወርዱ ጉዞ በሌለበት ቅዳሜ ምን እንደሚያደርግ ጠይቀው፤ ሲመልስልህ “ጎበዝ” ከማለትህ በፊት አንድ ጥያቄ ጨምር።