የጠዋት ብርድና የጥይት ጉዞ

በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ መሬት ስበት ስንማር አንድ ተማሪ፣ «ትናንት ቀትር ላይ ዒላማውን በትክክል የመታ ጠመንጃ ዛሬ ጠዋት በብርድ ለምን ዝቅ አድርጎ ይመታል?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ለሁላችንም ትምህርት ስለሚሆን መልሱን አብረን እንመልከት።

ጥይት በቀጥታ መስመር የሚጓዝ ይመስለናል። ነገር ግን ከአፈሙዙ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ መሬት ወደ ታች ትስበዋለች። ስለዚህ በመንገድ ላይ ብዙ የቆየ ጥይት ይበልጥ ይወርዳል። ብርድ ደግሞ ጥይቱን በሁለት መንገድ ያዘገየዋል።

አንደኛው በባሩዱ በኩል ነው። የቀዘቀዘ ባሩድ ከሞቀው ይልቅ በዝግታ ይነዳል። የሚፈጥረው ግፊት ስለሚያንስ ጥይቱ ሲወጣ ፍጥነቱ ይቀንሳል። የልዩነቱ መጠን እንደ ባሩዱ ዓይነት ይለያያል።

ሁለተኛው በአየሩ በኩል ነው። በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1.29 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በ30 ዲግሪ ግን ወደ 1.16 ይወርዳል። ቀዝቃዛ አየር የታመቀ ስለሆነ ጥይቱን ይበልጥ ይገታዋል። ከፍታም እንዲሁ መቆጠር አለበት፤ በ3,000 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው።

አሁን እናስላ። ዒላማው 400 ሜትር ይርቃል፤ ጥይቱም ቀትር ላይ በ0.50፣ ጠዋት በ0.52 ሰከንድ ደረሰ እንበል። የሚወርደውን ርቀት በግምት ለማግኘት ጊዜውን በራሱ አባዝተን በ4.9 እናባዛለን። ቀትር ላይ 1.225 ሜትር፣ ጠዋት 1.325 ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ 10 ሴንቲ ሜትር ነው።

10 ሴንቲ ሜትር በደብተር ላይ ትንሽ ነው። በባሌና በአርሲ ተራሮች በፈቃድ የሚታደነውን የደጋ አጋዘን ስናስብ ግን ትልቅ ነው። ሳንባውን እንዲመታ የታሰበው ጥይት ዝቅ ብሎ እግሩን ሊሰብረው ይችላል። እንስሳው ቆስሎ ጫካ ይገባል፤ በአንድ ጊዜ መሞት ሲገባው ሲሠቃይ ይሰነብታል። ይህ አጋዘን ደግሞ በተፈጥሮ የሚኖረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጠንቃቃ አዳኝ ጠመንጃውን የሚፈትሸው በሚያድንበት ቦታና የአየር ጠባይ ነው። እርግጠኛ ካልሆነ ይጠጋል፤ መጠጋት ካልቻለ አይተኩስም። አብዛኞቻችን ጠመንጃ አንይዝም ይሆናል። ቢሆንም ትንሽ የመሰለች ስሕተት ሩቅ ስትደርስ ምን ያህል እንደምትሰፋ ይህ ስሌት ያሳየናል።

ለተማሪዎች፦ ጥይቱ በ0.55 ሰከንድ ቢደርስ ስንት ሜትር ይወርዳል? ከቀትሩ ጋር ያለውን ልዩነት በሴንቲ ሜትር አስሉና በማስመሪያ ግድግዳ ላይ ለክታችሁ ተመልከቱት።