ስለ እውነተኛ ጀግንነት

ብዙ ሰዎች ጀግና የሚሉት ብዙ ጠላት የገደለውን ነው። ነገር ግን የባልንጀራውን ነፍስ ለማዳን ራሱን የሚሰጥ፥ ስላደረገውም ነገር የማይመካ ሰው ከዚያ የሚበልጥ ጀግና ነው። ይህንንም ከፓትሪክ ጋለኸር ታሪክ እንማራለን።

ፓትሪክ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1944 ዓመት በአየርላንድ አገር፥ በማዮ አውራጃ፥ በባሊሆኒስ ከተማ አጠገብ ተወለደ። የዚያ አገር ወጣቶች ብዙዎቹ ሥራ ፍለጋ ባሕር ይሻገሩ ነበርና እርሱም በ1962 ዓመት ወደ አሜሪካ ሄደ። በዚያም ማሪን ከሚባለው የባሕር ጦር ገብቶ በ1966 ዓመት ወደ ቬትናም ጦርነት ተላከ። ወላጆቹ እንዳይጨነቁ ብሎ ግን ወደ ጦር ሜዳ መሄዱን ሸሸጋቸው።

በዚያው ዓመት ጁላይ 18 ቀን፥ ሌሊት፥ ካም ሎ በሚባል ስፍራ በወንዝ ዳር ከሦስት ባልንጀሮቹ ጋር መሽጎ ሳለ ጠላት በጨለማ ተጠግቶ የእጅ ቦምብ ወረወረባቸው። ፓትሪክ ፊተኛውን ቦምብ ሳይፈነዳ በእግሩ መትቶ ከምሽጉ አወጣው። ወዲያው ሌላ ቦምብ በሁለት ባልንጀሮቹ መካከል ወደቀ። የሚያስብበት ፋታ አልነበረም፤ እርሱ ግን ሳያመነታ በቦምቡ ላይ ተደፋ። ይህም እኔ ልሙት፥ እነርሱ ይትረፉ ማለት ነበር። ደግሞ ሁለት ቦምቦች ተከትለው ወድቀው ፈነዱ፤ ማንም ግን አልቈሰለም። ከፓትሪክ በታች ያለው ቦምብ ገና አልፈነዳም ነበርና አለቃው ተንከባልሎ እንዲነሣ አዘዘው። እርሱም ሲነሣ ቦምቡን ይዞ ወደ ወንዙ ወረወረው፤ ውሃውንም እንደ ነካ ፈነዳ።

ስለዚህ ሥራው በ1967 ዓመት ጄኔራል ዌስትሞርላንድ የባሕር ኃይል መስቀል የሚባለውን ኒሻን ሸለመው። ይህም ኒሻን በአሜሪካ ከሁሉ በላይ ከሆነው የጀግንነት ኒሻን ቀጥሎ ያለ ነው። ወላጆቹ ልጃቸው በጦር ሜዳ መኖሩን የሰሙት ያን ጊዜ ነው። ደስታቸው ግን አልቈየም፤ በዚያው ዓመት ማርች 30 ቀን በዳ ናንግ አጠገብ ተገደለ። ዕድሜው 23 ዓመት ነበረ። ሬሳውም ወደ አገሩ ተመልሶ በባሊሆኒስ ተቀበረ። በ2018 ዓመት የአሜሪካ ባሕር ኃይል አንድ የጦር መርከብ በስሙ እንዲጠራ አደረገ።

ልጆች ሆይ፥ ፓትሪክ ዝም በማለቱ እናቱን ከጭንቀት አሳረፋት፤ ከኀዘን ግን ሊያድናት አልቻለም። ጦርነት ለጀግናም እናት አይራራም። ስለዚህ ጦርነትን አትመኙ፤ የፓትሪክን ልብ ግን ተመኙ። በቅጽበት ራሱን ለሌላው የሚሰጥ ሰው ይህን የሚማረው በዚያች ቅጽበት አይደለም፤ አስቀድሞ በየቀኑ በትንሹ ነገር ለባልንጀራው ማሰብን የለመደ ነው እንጂ።

ጥያቄ።
1. ፓትሪክ ሁለተኛው ቦምብ በወደቀ ጊዜ ምን አደረገ?
2. ወደ ጦር ሜዳ መሄዱን ለወላጆቹ ያልነገራቸው ስለ ምንድር ነው?
3. እናንተ ዛሬ ለባልንጀራችሁ ልታደርጉለት የምትችሉት ምንድር ነው?