ፎቶግራፍ ስንነሣ ለምን እንፈራለን?

የክፍል ፎቶግራፍ በሚነሣበት ቀን አንድ ነገር ሳትታዘቡ አትቀሩም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሲጫወትና ሲሥቅ የቆየው ሁሉ፥ አንሺው መሣሪያውን ባነጣጠረ ጊዜ፥ ዳኛ ፊት እንደ ቀረበ ተከሳሽ ይደርቃል። አንዱ ትንፋሹን ይይዛል፤ አንዱ አገጩን ወደ ደረቱ ይቀብራል፤ አንዱም ከረጅም ጓደኛው ጀርባ ይሸሸጋል። ይህ የመጨረሻው እኔ ነበርሁ። ስለዚህ የፍርሃቱ ምክንያት ምን እንደ ሆነና በምን እንደሚወገድ፥ ካነበብሁትና ከደረሰብኝ ጥቂት ለመጻፍ ተነሣሁ።

በመጀመሪያ ስለ መድረቃችን እንናገር። ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር የፎቶግራፍ ጥበቡን ለዓለም ባስታወቀበት በ1839 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ፎቶግራፍ ለማንሣት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። የተነቃነቀ ሰው መልኩ ስለሚደበዝዝ፥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ ተነሺው ራሱን እንዳያንቀሳቅስ ከማጅራቱ በስተኋላ የብረት መደገፊያ ይደረግለት ነበር። በዛሬው የእጅ ስልክ ግን ፎቶግራፉ የሚነሣው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ብረቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እኛ ግን ዛሬም እንዳለ አድርገን እንቆማለን። እንግዲህ ትንፋሽን መልቀቅ፥ ትከሻን ማላላት፥ ጥቂት ወደ ጎን ዘወር ብሎ የሰውነትን ክብደት በአንድ እግር ላይ ማሳረፍ ይበቃል። እጅም የሚሠራውን ሲያጣ ያሳፍራልና፥ ደብተር ወይም የነጠላ ጫፍ ቢያስይዙት መልካም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መስታወት ነው። ሁላችንም መልካችንን የምናውቀው በመስታወት ነው፤ መስታወት ደግሞ ግራውን ቀኝ፥ ቀኙን ግራ አድርጎ ያሳያል። በ1977 ዓ.ም. የአሜሪካ ተመራማሪዎች የሴት ተማሪዎችን ፎቶግራፍ በሁለት ዓይነት፥ እንደ ተነሣና እንደ መስታወት ተገልብጦ፥ አዘጋጅተው ቢያሳዩ፥ ባለቤቶቹ በብዛት የተገለበጠውን ሲመርጡ፥ ጓደኞቻቸው ግን ያልተገለበጠውን መረጡ። ሰው የለመደውን ይወዳልና። ስለዚህ ፎቶግራፋችንን አይተን «ይህስ እኔን አይመስልም» ስንል፥ እንግዳ የሆነው ለእኛ ብቻ ነው፤ ለወዳጆቻችን የሁልጊዜው መልካችን ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የመሣሪያው ጠባይ ነው። ስልክን በገዛ እጅ ይዞ ፊትን ከቅርብ ማንሣት አፍንጫን ያገዝፋል። በ2018 ዓ.ም. የአሜሪካ ሐኪሞች ባወጡት ስሌት፥ ከ30 ሳንቲሜትር ርቀት የተነሣ አፍንጫ ከአንድ ሜትር ተኩል ከተነሣው ይልቅ 30 በመቶ ያህል ሰፍቶ ይታያል። ስለዚህ ስልኩን ለጓደኛ ሰጥቶ ራቅ ብሎ መቆም ይሻላል። በቀትር ፀሐይ መነሣትም የዓይንን ጉድጓድ ያጠቁራል፤ በረንዳ ጥላ ሥር ሆኖ ወደ ብርሃን መዞር ይበጃል። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ አገር ሰው የሚጠቅመው ግን የነጭ ልብስ ጉዳይ ነው። መሣሪያው የብርሃኑን መጠን የሚወስነው በፊቱ ያለውን ሁሉ በመመዘን ስለ ሆነ፥ ነጭ ነጠላ ወይም ኖራ የተቀባ ግድግዳ ሰፊውን ቦታ ሲይዝ፥ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ይቀንሰዋል፤ ያን ጊዜ ጠይሙ ፊታችን ይጠቁራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከማንሣት በፊት በስልኩ ገጽ ላይ የተነሺውን ፊት በጣት መንካት ነው።

ስለ ፈገግታም ጥቂት ልጨምር። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ1862 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ፥ እውነተኛ ሣቅ ከንፈርን ብቻ ሳይሆን በዓይን ዙሪያ ያለውንም ጡንቻ እንደሚያንቀሳቅስ፥ ይህም ጡንቻ በትእዛዝ እሺ እንደማይል አስረድቷል። ስለዚህ «ሣቅ!» ከማለት ይልቅ የሚያሥቅ ጨዋታ ማምጣት ይሻላል። ደግሞም መሣቅ ግዴታ አይደለም። በባርነት ተወልደው ሸሽተው ነጻ የወጡት አሜሪካዊው ፍሬድሪክ ዳግላስ 160 ያህል ፎቶግራፎች አሏቸው፤ በአብዛኞቹ ኮስተር ብለው ይታያሉ። በዘመናቸው ጥቁር ሰው በፌዝ ሥዕል እየተጣመመ ይሣል ስለ ነበር፥ ፎቶግራፍ እውነተኛውን መልክና ክብር ያሳያል ብለው ያምኑ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። በስምጥ ሸለቆ ተወልደን ያደግን ብዙዎች ጥርሳችን የበለዘ ነው። ይህም ከንጽሕና ጉድለት የመጣ አይደለም። የጉድጓድ ውኃችን ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር ስለሚበዛበት፥ በልጅነታችን ጥርስ ከድድ በታች ሲሠራ ቀለሙን ያበላሸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ግን ከዚህ ያልፋሉ። እንግዲህ በጠጣነው ውኃ ስለምን እናፍራለን?

እኔ ግን ይህን ሳላውቅ አፍሬበት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በፋሲካ ዕለት የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ አያቴን ፎቶግራፍ ሊያነሣቸው ተሰናዳ። እሳቸውም አዲሱን ቀሚሳቸውን ለብሰው፥ ነጠላቸውን አጣፍተው በረንዳው ላይ ተቀመጡና፥ አጠገባቸው በርጩማ አስቀምጠው «ና ልጄ፥ እዚህ ሁን» አሉኝ። እኔ ጥርሴ ይታያል ብዬ «በሌላ ጊዜ፥ እማማ» አልሁና ወደ ጓሮ ሄድሁ። ሌላ ጊዜ አልመጣም፤ አያቴ በዚያው ክረምት አረፉ። ፎቶግራፉ በቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ነጠላው ደምቆ ፊታቸው ጠቁሯል፤ አጠገባቸውም ባዶው በርጩማ ይታያል። እንግዳ መጥቶ «ይህ ወንበር የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፥ መልሱን የማውቀው እኔ ነኝ።

አያቴ የጠሩኝ ጥርሴን ሊመረምሩ አልነበረም፤ አብረን መኖራችን እንዲታወቅ ፈልገው ነበር። ከዚህ የተማርሁት፥ ፎቶግራፍ ለተነሺው ብቻ የሚነሣ አለመሆኑን ነው። አኳኋንንና ብርሃንን ማወቅ መልካም ነው፤ ከሁሉ የሚቀድመው ግን ከቦታችን አለመጥፋት ነው።

እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የምንለያይበት ቀን ቀርቧል። ፎቶግራፍ ስንነሣ ከጀርባችሁ የሚሸሸግ ጓደኛ ብታዩ አትሣቁበት፤ እጁን ይዛችሁ ወደ ፊት አምጡት። እኔም በመጀመሪያው ረድፍ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ።