ማወቅና መፍቀድ፦ የአየር ንብረት ለውጥና ተማሪዎቻችን

በቢቸና ወይም በሞጣ የሚማር ልጅ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ቢጠየቅ ትርጉሙን በቃሉ ሊመልስ ይችላል። ሆኖም በፈተና ወረቀት ላይ በትክክል የሰፈረ መልስ ሁልጊዜ በማሳና በምድጃ ዳር ፍሬ አያፈራም። ስለዚህ ዕውቀት ወደ ፈቃድ፣ ፈቃድም ወደ ተግባር እንዴት እንደሚሸጋገር በዚህ ትምህርት እንመለከታለን።

1. ሁለቱን ነገሮች እንለይ

አንደኛው የምድር ሙቀት መጨመር ነው። ይህም በዋናነት የመጣው ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ቃጠሎ ነው። ከዓለም ጠቅላላ ልቀት የኢትዮጵያ ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የአንድ ዓመት ድርቅም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የአየር ንብረት የሚመዘነው በ30 ዓመታት አማካይ ነውና።

ሁለተኛው የገዛ መሬታችን መራቆት ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ ሙጋንና ሱሃን የመሳሰሉ የዓባይ ገባሮች መፍለቂያ ነው። ነገር ግን አስታው እየተመነጠረ፣ ተዳፋቱ እየታረሰ፣ ልቅ ግጦሽም እየበዛ አፈሩ ታጥቧል።

ሁለቱ ይገናኛሉ። ሞቃት አየር ብዙ እርጥበት ስለሚይዝ የከባድ ዝናብ ዕድል ይጨምራል፤ ከባድ ዝናብም የተራቆተ ተዳፋት ሲያገኝ አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል። እንግዲህ ተማሪውን «ዓለምን ያሞቅኸው አንተ ነህ» ማለት እውነትም ፍትሕም አይደለም። «ምንም ልታደርግ አትችልም» ማለትም እንዲሁ ስሕተት ነው።

2. የፈቃድ መፈተኛ

ለችግኝ ተከላ አንድ ቀን መውጣት ቀላል ነው። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር እጅግ ብዙ ችግኝ ተተክሏል። የተተከለ ሁሉ ግን ዛፍ አይሆንም፤ የሚኮተኩተውና ከከብት የሚጠብቀው ይፈልጋል።

የቤት ልማድን መለወጥ ደግሞ ይከብዳል። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነዳል፤ ማሳውን ሊያዳብር የሚገባው እበትም አመድ ይሆናል። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊቆጥብ ይችላል፤ ነገር ግን መግዣ ያሻዋል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ማገዶና ገንዘብ ያስገኛል፤ በምንጭ ዳርና በማሳ አጠገብ ሲተከል ግን ውኃውን ይሻማል። ከብትን አስሮ መቀለብም ጉልበት ይጠይቃል።

በእነዚህ ሁሉ የሚወስነው ልጁ ሳይሆን ወላጅ ነው። ስለዚህ ልጁ ሳይተገብር ቢቀር ፈቃድ አጣ ብለን አንፍረድበት፤ ይልቁንም ትምህርቱን እስከ ቤቱ እናድርስለት።

3. የእኛ ድርሻ

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2007 ዓ.ም. ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው የምድር ጉዳትና የድሆች ሥቃይ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን አስተምረዋል። በ2016 ዓ.ም. «ላውዳቴ ዴውም» በተባለው ጽሑፋቸውም ዓለም የሰጠው ምላሽ በቂ አለመሆኑን አሳስበዋል። የጮቄ ግርጌ ገበሬ የዚህ ምስክር ነው፤ ጥቂት አጥፍቶ ብዙ ይከፍላልና።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተስፋፋው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ስለሆነም የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከልጆች ጋር የሚገናኙባት እያንዳንዷ ሰዓት ታላቅ ዋጋ አላት።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በአካባቢያችን ከሚታየው ጉዳት የትኛው ከሩቅ የመጣ፣ የትኛውስ የእኛው ነው?

ለ. ባለፈው ክረምት ከተከልናቸው ችግኞች ስንቱ ጸደቁ? ለእነርሱስ ኃላፊው ማን ነው?

ሐ. አንድ ቤተሰብ ማገዶ ለመቆጠብ ቢፈልግ ቁምስናችን በምን ሊረዳው ይችላል?