ሽጉጡ ወደ አምራቹ ሲመለስ

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። አዲስ የገዛሁት ሽጉጥ ቃታውን ስስበው አንዳንዴ አይተኩስም። አምራቹ «ላኩልን፤ እንጠግናለን ወይም እንቀይራለን» ብሎኛል። መልሼ ስረከብ እንደገና በጦር መሣሪያ ነጋዴ በኩል ማለፍ አለብኝ?

መልስ፦ በፌዴራል ሕግ አያስፈልግም። አምራቹ የተጠገነውን ሽጉጥ፣ ወይም ተመሳሳይ ዓይነት ምትክ፣ በቀጥታ ለእርስዎ መላክ ይችላል። ምትኩ ሌላ ዓይነት ከሆነ ግን ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ይረከባሉ። የግዛትዎ ሕግ የበለጠ ጥብቅ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው ያጣሩ። አላላኩም የራሱ ሕግ ስላለው አምራቹ በሚልክልዎ የመላኪያ ሰነድ ብቻ ይላኩ፤ ጥይት አብሮ አይላክም።

አምራቹ እንዲጠግን ወይም እንዲቀይር መንግሥት ያስገድደዋል ብለው ግን አይጠብቁ። የፌዴራሉ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን በሽጉጥና በጠመንጃ ላይ ሥልጣን የለውም። የሽጉጥ አምራቹ ሲግ ሳወር እ.ኤ.አ. በ2017 ፒ320 የተባለውን ሽጉጡን ማስተካከል ሲጀምር እንኳ «በፈቃደኝነት የሚደረግ ማሻሻያ» ነው ያለው። ስለዚህ መለያ ቁጥሩን ፎቶ ያንሱ፣ ከአምራቹ ጋር የተጻጻፏቸውን ደብዳቤዎች ያስቀምጡ፤ ራስዎ ፈታትተው ለመጠገን ግን አይሞክሩ።